የጨዋዋ ሚስት ሚና

በአንድ ወቅት በለንደን ከተማ፣ ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ወይዘሮ ዶርካስ የሚባሉ ተዋናይ ነበሩ። በአስቂኝ ቴአትር ውስጥ ባሏ ሲባልግ ታግሣ በመጨረሻ ይቅር የምትለውን ጨዋ ሚስት የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ። በዚያ አገር ልማድ ሚና የተዋናይቷ ነው፤ በፈቃዷ ካላስረከበች ማንም አይነካባትም። አሁን ድምፃቸው ሊዘጋ ሆነና፣ የሚናው ቃል የተጻፈበትን ጥቅል ወረቀት ከሦስት ወጣቶች ለአንዷ ሊሰጡ ወሰኑ። ሦስቱንም በየተራ አንድ አንድ ከሰዓት አስጫወቷቸው።

ታዲያ ከፊት ወንበር ሰር ሃምፍሪ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ባላባት ይቀመጥ ነበር። ጨዋ ሴት መድረክ ላይ ባየ ቁጥር መጮህን ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ወይዘሮ ዶርካስንም ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰድባቸው አብረው እየሳቁ አሳልፈውታል። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

መጀመሪያ አሊስ ወጣች። «ጨዋነቷን ከልብሷ ጋር ታወልቀዋለች!» ሲል ሰር ሃምፍሪ ጮኸባት። አዳራሹ አውካካ። አሊስ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር ጨረሰች። የሳቁት ሰዎች ራሳቸው አለቀሱ። ሰር ሃምፍሪ ግን «ነገም አለሁ» እያለ ወጣ።

በማግስቱ ጁዲት ነበረች። ገና አፉን ሲከፍት ጨዋታውን አቁማ መድረኩ ጫፍ ድረስ ሄደችለት።

«ጌታዬ፣ በሬን ሦስት ዓመት አንኳኩተው አልተከፈተልዎትም። እስቲ ይህንንም ለሰው ይንገሩ!»

ኩምሽሽ ብሎ ወጣ። ወይዘሮ ዶርካስ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ግርግሩ ግን አልበርድ ብሎ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ምስኪኗ ሚስትም ባሏን ሳትምረው አደረች።

በሦስተኛው ቀን ብሪጅት ወጣች። ሰር ሃምፍሪ ቂሙን ይዞ ተመልሷል። «ይቺማ የእኔ ነበረች!» አለ።

«እውነቱን ነው» አለች ብሪጅት ቀስ ብላ። «አገባሻለሁ ቢለኝ አመንኩት።»

ከዚያ ወደ መድረክ ባሏ ዞራ የይቅርታውን ቃል ተናገረች። ሃያ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ቃል ወይዘሮ ዶርካስ ከመጋረጃው ጀርባ ገና ያን ቀን የሰሙት መሰላቸው። ባልደረቦቿ ግን «ይቺ ናት ጨዋ?» ብለው አጉረመረሙ።

ወይዘሮ ዶርካስ ወረቀቱን ታቅፈው ሦስቱ ፊት ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እኔ በሃያ ዓመት ከሦስታችሁ የአንዳችሁን ያህል እንኳ አልደፈርኩም» አሉ።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ወረቀቱ የሚገባው ለማን ነው?