ሁለት ቀለምና አንድ ፊት

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ነው። ገብስ እያጨድን ነበር።

አንድ ቀን ከማሳ ስገባ ባለቤቴ ደብሪቱና ልጄ የሺመቤት ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ከከተማ የመጣው ቀለም ቀቢ አጥናፉ ግድግዳው ላይ ሁለት ቦታ ቀብቶ ይጠብቀኛል። እሑድ የሺመቤትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

«ምረጥ» አለችኝ ደብሪቱ። «በስተቀኝ ያለው የእርጎ ነው፤ በስተግራ ያለው የአጓት።»

አየሁ።

«አንድ ናቸው» አልኩ።

«እንዴት አንድ ይሆናሉ ጋሽ ደምሰው!» አለ አጥናፉ። «የእርጎው ሞቅ ያለ ነው፣ እንግዳ ይጋብዛል። የአጓቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ያስከብራል። እስቲ ራቅ ብለው ይዩት።»

ራቅሁ።

«ዓይንዎን ጠበብ ያድርጉ።»

አጠበብኩ።

«ብርሃኑ ይሆናል ያሳሳተዎት። በሩን ዝጉት!»

ተዘጋ። ድቅድቅ አለ።

«አሁንማ ጭራሽ አንድ ናቸው» አልኩ።

ደብሪቱ በሩን በርግዳ ከፈተችው። «አንተ ሰውዬ፣ አምና የመጡት ፊትህን አይተው ከደጅ ነው የተመለሱት! አሁን ደግሞ እነዚህን ልታባርር ነው?»

የሺመቤት አንገቷን ደፋች። የእሑዶቹን የላካቸው እሷ የምትወደው ልጅ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ተናደድሁ። «ስሙ!» አልኩ። «ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ቆሞ የሚያየው ደግሞ ግድግዳ አይደለም፤ የአባትየውን ፊት ነው። መቀባት ካማረህ ና፣ ፊቴን ቀባው!»

አጥናፉ ብሩሹን አስቀመጠና ተጠጋኝ። ግንባሬን አየ፤ ጉንጬን አየ፤ ዞሮም በጎን በኩል አየኝ።

«ጋሽ ደምሰው» አለ፣ «ይሄስ ከቀለም በፊት ስንጥቁን የሚሞላ ስቱኮ ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ለእሑድ አይደርቅልኝም።»

የሺመቤት ሳቋ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ብትይዝም ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አምና እነዚያ ከተመለሱ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

«የእርጎውን ቀባ» ብዬው ወደ ገብሴ ሄድሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገብተው በተርታ ቆሙ። ትልቅየው ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ «ተቀመጡ» አልኳቸው።