ሐይቁን ቅርጫ ያደረጉት ሰዎች

አንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር ሁለት ዓይነት አሳ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። መረበኞቹ መረባቸውን ጥለው የወጣላቸውን ለገበያ ያቀርባሉ። ባለጀልባዎቹ ደግሞ ከከተማ የሚመጡ ሹማምንትና ነጋዴዎችን አሳፍረው፣ መንጠቆ አስይዘው፣ ትልልቅ አምባዛ አሳ ስበው እንዲያወጡና እንዲፎክሩ ያደርጋሉ። ሥራቸው ይለያይ እንጂ የሚኖሩት ከአንድ ውሃ ነበር። መረብም ጀልባም የሌለው የቀረው የመንደሩ ሰው ደግሞ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ክፉውን ቀን የሚያልፈው ዳር ላይ ቆሞ ለእራቱ በሚያጠምዳት አሳ ነው።

የዚያ አገር ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ዝናቡ ሲጀምር እንቁላል ያዘለች አምባዛ ወንዙ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት ቦታ ትመጣለች። ቦታውን የወንዙ አፍ ይሉታል። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያ መረብም መንጠቆም የሚጥል ሰው አልነበረም። ዘብ አልቆመበትም፣ አዋጅም አልወጣለትም። ነውር መሆኑ ብቻ ይበቃ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አሳው እየቀነሰ መጣ። መረበኞቹ "ባለጀልባዎቹ ናቸው የጨረሱት፤ ትልልቁን ለጨዋታ ይገድሉታል" አሉ። ባለጀልባዎቹም "እኛ በመንጠቆ አንድ አንድ ነው የምናወጣው፤ ውሃውን በመረብ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው" አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ነገሩ ከአፍ ወደ ዱላ ሲያልፍ ሁለቱ አለቆች፣ የመረበኞቹ ጓንጉልና የባለጀልባዎቹ ተድላ፣ የአገሩ ገዥ ዘንድ ቀረቡ።

ገዥው ክፉ ሰው አልነበረም። ጩኸት የማይወድ ሰው ነበር እንጂ፤ እንዲህ ያለው ገዥ ከክፉው ይልቅ አገር ያጠፋል። ጥቂት ካዳመጣቸው በኋላ "በበዓል በሬ ጥላችሁ ቅርጫ ስታደርጉ ትጣላላችሁ?" ሲል ጠየቃቸው።

"ኧረ አንጣላም፤ መደቡ እኩል ይሆናል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሁሉም የደረሰውን ይዞ ይሄዳል" አለ ጓንጉል።

"እንግዲያው ሐይቁንም ቅርጫ አድርጉትና አሳርፉኝ።"

ጉባኤው በሙሉ አጨበጨበ። "እንዴት ያለ ፍርድ ነው!" ተባለ። ቅርጫ የሚደረገው በታረደ በሬ መሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና ጨዋ መሐል ለአንዱም ትዝ አላለውም።

ቅርጫ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ጉበቱም ጨጓራውም ሻኛውም ለየመደቡ ይደርሳል። እነሱም ጥልቁን ውሃ ከፈሉ፣ ዳር ዳሩን ከፈሉ፣ የአሳ ጫጩት የሚያድግበትን፣ ደንገል የበቀለበትን ጥግ ከፈሉ። በመጨረሻም የወንዙ አፍ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ትርንጎ የምትባል፣ ባሏን ውሃ የወሰደባት የልጆች እናት ከጉባኤው ዳር ተነሣች።

"ጌታዬ፣ ይሄ ቦታ የማንም ድርሻ አይሁን" አለች። "ሁላችንም የምንበላው እዚያ ካልተነካው ነው። አሁኑኑ ሳይቃጠል በቅጠል ይበሉት።"

"እኛ ብንተወው የተድላ ሰዎች ይገቡበታል" አለ ጓንጉል።

"እናንተ ናችሁ የምትገቡበት" አለ ተድላ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሮ፣ "ደግሞ አንቺ መረብ የለሽ፣ ጀልባ የለሽ። በየትኛው መደብሽ ነው የምትናገሪው?" አላት።

ጓንጉል ከት ብሎ ሳቀ። እነዚያ ደመኞች ቀኑን ሙሉ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር፤ ሴትየዋን ዝም በማሰኘት። ትርንጎ ገዥውን አየችው። ገዥው ግን የእጁን ጣቶች ማየት ያዘ። ዕጣ ወጣ። የወንዙ አፍ ለተድላ፣ ደንገል ያለበት ጥግ ለጓንጉል ደረሰ።

ክረምቱ ሲገባ ተድላ እንግዶቹን ወደ ወንዙ አፍ ወሰዳቸው። እንደዚያ ዓመት ትልልቅ አምባዛ ተይዞ አያውቅም። እንግዶቹ እያንዳንዷን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩ፣ ተሞገሱ። ሆዷ ሲቀደድ የሚፈሰው እንቁላል ዳር ላይ እየተደፋ ውሻ ላሰው። ነውር አይደለም ወይ ሲባል ተድላ "ድርሻዬ ነው" አለ። ጓንጉልም ይህን ሲሰማ ቀዳዳው የጠበበ መረብ አሠርቶ ከደንገሉ ውስጥ ጣት የማታህል ጫጩት ሳይቀር ጠርጎ አወጣ። ተው ሲሉት እሱም "ድርሻዬ ነው" አለ። የሚያበግነኝ ይሄ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሐይቁ ላይ አንድም ሌባ አልነበረም። ሁሉም በሕጉ መሠረት፣ በደረሰው ዕጣ፣ በገዥው ማኅተም ነው ሐይቁን የገደለው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክረምት ገባ፣ አሳው ግን አልመጣም። ትርንጎ ዳር ላይ ውላ ባዶ እጇን መመለስ ጀመረች። ልጆቿን በጎመን አከረመቻቸው፤ ጎመኑም ሲያልቅ ሌሎቹ ጎረቤቶቿ እንዳደረጉት ጓዟን መሸከፍ ያዘች። ጓንጉልና ተድላ ግን አሁንም ገዥው ችሎት ላይ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነዚህ የጮኹት ግን በጅቡ እንኳ አይደለም፣ እርስ በእርሳቸው ነው። አንዱ "የሱ ድርሻ የኔን በልቶታልና ይጨመርልኝ" ሲል፣ ሌላውም ያንኑ ይደግማል።

ገዥው በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ።

"ጓንጉል፣ ሐይቁን በሙሉ ለአንተ ሰጥቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ተድላ እግሩን እንኳ አይነክርበትም።"

ጓንጉል እጅ ሊነሣ ጎንበስ ብሎ ሳይጨርስ ቀና አለ። "ምን ላደርገው ጌታዬ?" አለ።

"እንግዲያው ተድላ፣ አንተ ውሰደው።"

"ባዶ ውሃ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የለም፣ ጌታዬ።"

"ለአንድ ክንድ ውሃ ስትፋለጡ ኖራችሁ፣ ሙሉውን ስሰጣችሁ አንፈልግም ትላላችሁ? እናንተ ከይሲዎች!" አለ ገዥው።

ጓዟን ተሸክማ አገር ልትለቅ ስታልፍ በችሎቱ በር ላይ የቆመችው ትርንጎ ይህን ሰማች።

"በእነሱ ብቻ አይቆጡ፣ ጌታዬ" አለች። "ያን ዕለት እኔ ስናገር እርስዎ ጣትዎን ነበር የሚያዩት። እነሱ አሳ ሲፈልጉ፣ እርስዎ ደግሞ ጸጥታ ሲፈልጉ ነው ይህ የመጣው። ይኸው አሁን አገሩ ጸጥ ሊል ነው። እኔም ልጆቼን ይዤ እየሄድኩ ነው።"

ቆዪ ያላት የለም። ምን አለና ትቆይ? ልጆቿን አስቀድማ ወጣች።

ወዳጆቼ፣ ድርሻ የሚባል ነገር የሚኖረው ማንም የማይነካው ነገር እስካለ ድረስ ነው። ያንን ሳትጠብቁ ስለ እኩል ክፍፍል ብታወሩ፣ ሚዛናችሁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የምትመዝኑት ሬሳ ነው። ሕግ አክብሬያለሁ የሚል ሰውም አያታልላችሁ፤ ሕግ ተከብሮ ጎረቤት የሚራብበት አገር ሞልቷል።

እናንተም ድርሻችን አነሰ ብላችሁ የምትጮኹበት ጉባኤ አይጠፋም። እዚያ "ይሄንንስ አትንኩት" ብሎ የተነሣ ሰው ነበር? ዝም ካሰኙት መሐል እናንተ አላችሁበት?