አያ ጅቦ ለአህይት የሠራው ቤት

አንድ ጊዜ፣ ጭጋግ ከማይለቀው ገደል ሥር፣ አራዊት ዩኒቨርሲቲ ከፍተው ዲዛይን ይማሩ ነበር። መምህሩ አለቃ ዔሊ ነበሩ። ቤታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ስለሚኖሩ በምቾት ጉዳይ እሳቸውን የሚያህል አዋቂ አልነበረም። ትምህርታቸውም ባጭሩ ይኸው ነው፦ ዕቃ ከመሥራታችሁ በፊት ተጠቃሚውን ጠይቁ፣ አመሉን አጥኑ፣ በሚመቸው ልክ ሥሩለት።

ለመመረቂያ እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ጓደኛው አንድ ነገር እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ አያ ጅቦ ለአህይት ቤት እሠራላታለሁ ብሎ ተነሣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይኼኛው ደግሞ በሚያውቁት አገር ለሌላ ላንጥፍ አለ። አህይት ፈራች። ግን ክረምቱ መግባቱ ነው፤ ውርንጭላዋ ሸጋው ገና በእግሩ አልጸናም፤ መጠለያም የላትም። እሺ አለች።

ጅቦ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ስትደነግጥ በየትኛው እግሯ እንደምትራገጥ፣ እንቅልፏ ከባድ ይሁን ቀላል ጠየቃት። ልኳን የወሰደው በገመድ አልነበረም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀስ ብሎ እያሸተተ ነበር። ቆዳዋ ተሸማቀቀ፤ ትምህርት ነው ብላ ቻለችው።

አንድ ቀን «ልጅሽን እንዴት ብለሽ ነው የምትጠሪው?» አላት።

«ና ሸጋዬ፣ ነው የምለው» አለች።

ጅቦ አመስግኖ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ «ና ሸጋዬ» የሚል ተሰማ። ድምፁ የራሷ የአህይት ድምፅ ነበር። ውርንጭላው ጡቷን ትቶ ወደዚያው መራመድ ሲጀምር ሮጣ ቀድማ መለሰችው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አጣች።

ቤቱ አልቆ ለፈተና ሲቀርብ ግን ያላደነቀ አልነበረም። ወለሉ ለስላሳ ሣር ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው ነፋስም ድምፅም አያሳልፍም። ሸጋው ዘሎ ገባና ሣሩ ላይ ተጋደመ። አህይት ልትከተለው ስትል የበሩ መወርወሪያ በውጭ በኩል ብቻ መሆኑን አየች።

እመት ቀበሮም አይታለች። በለስላሳ አንደበት «አያ ጅቦ፣ መቼም ሥራው ግሩም ነው። ለመሆኑ ተጠቃሚው ማነው?» ስትል ጠየቀችው።

ጅቦ ጥያቄው ቀለለው። «ተጠቃሚውማ እኔ ነኝ፤ እሷ ምን ትጠቀማለች?» አለ።

አህይት መጮህ አማራት፤ ነገር ግን ልጇ ውስጥ ነው። ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ፣ «አያ ጅቦ፣ የወዲያኛው ጥግ ሣር የረጠበ ይመስላል። ሥጋችን እንዳይሻግትብዎ» አለችው።

ጅቦ ሥጋ የሚለውን ሲሰማ ዘሎ ገባና ጥጉን በአፍንጫው ይምስ ጀመር። አህይት ልጇን ልትጠራው አልደፈረችም፤ ያ ድምፅ የእሷ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አንገቷን አስግጋ የውርንጭላውን ጋማ በጥርሷ ይዛ ጎትታ አወጣችው። በሩንም በኋላ እግሮቿ ስትመታው መወርወሪያው ገባ።

አራዊቱ ጆሯቸውን አቀኑ። ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ጅቦ ሥራውን በደንብ ሠርቶት ነበር። አለቃ ዔሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። አህይት ልጇን ከሆዷ ሥር አስጠግታ ዝናቡ ላይ ቆመች፤ ብርዱ አንዘፈዘፋት፤ ደስም አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ አመላችንን አጥብቆ የሚጠይቀን ሁሉ ለእኛ የሚጨነቅ አለመሆኑን ነው።