ጅብ በምንጩ መንገድ ላይ የተከለው ክትክታ

ልጆች፣ ተረት ልንገራችሁ ወይ?
ይንገሩን!
ጆሯችሁ እዚህ ነው ወይ?
ሁለቱም እዚህ ነው!
እንግዲያውስ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይጠጡ በነበረበት፣ አያ አንበሶም «ጎረቤትን መብላት ነውር ነው» ብሎ ሕግ ባወጣበት ዘመን፣ አንድ ሰፊ መስክ ነበረ። መስኩ የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበረ። ትልልቆቹ ይመክሩበታል፤ ትንንሾቹ ይፈነጩበታል። ከመስኩ ዳር አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወደ ምንጩ ይወርዳል። ግልገሉም፣ ጥጃውም፣ ውርንጭላውም ውሃ ሲጠማው በዚያ መንገድ ይሮጣል።

አንድ ቀን አያ አንበሶ በመስኩ መሀል ቆመና ዙሪያውን አየ።

«ይህ መስክ ራቁቱን ነው፤ አሳፈረኝ» አለ። «እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን አምጡና አስጊጡት። ጉድጓድ መቆፈር የሚያውቅ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እመት ጃርት ዞሩ። እመት ጃርት ከመስኩ ዳር፣ ከጉድጓዷ ደጃፍ ላይ ልጆቿን አቅፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

«ኧረ ጌታዬ! እኔ ሥር እበላለሁ እንጂ አልተክልም» አለች።

«ሥር የሚበላ ሥር ያውቃል» አለ አያ አንበሶ። «ቆፋሪዋ አንቺ ነሽ፤ ጠባቂዋም አንቺ ነሽ። ሕጌን ስሚ። አንዴ የተተከለ አይነቀልም። በዚህ መስክ ላይ ደግሞ የአንድ ልጅ ደም ቢፈስ፣ ጉድጓድሽን በድንጋይ አስደፍነዋለሁ፤ አንቺም ከነልጆችሽ ከአገር ትወጫለሽ።»

እመት ጃርት ሰማዩን አየች። መሬቱን አየች። ሳትፈልግ የተሾመች፣ ሳታጠፋ የተዛተባት እሷ ብቻ ነበረች።

«እንግዲያው እኔም አንድ ሕግ ልጨምር» አለች። «የሚተክል ሁሉ መጀመሪያ ራሱ ይቀመጥበት። ለእሱ ከተመቸው ለልጆቹም ይመቻል።»

«ተፈቅዷል» አለ አያ አንበሶ።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጣችው እመት አህያ ነበረች። ኮሸሽላ በአፏ ነክሳ መጣች፤ እሾሁ እንደ መርፌ የቆመ ትልቅ ኮሸሽላ። በቀጥታ ሄዳ ልጆቹ የሚንከባለሉበት ለስላሳ ሣር ላይ ጣለችው።

«እዚህ ቆፍሪልኝ።»

«እመት አህያ፣ ይህ እኮ እሾህ ነው» አለች እመት ጃርት።

«እሾህ? ምሳ ነው እንጂ!»

«ለአንቺ ምሳ ነው። ለግልገል ቂጥ ግን መርፌ ነው። ከዚያ ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ትከይው። ልጆች ወደ ገደሉ እንዳይጠጉ አጥር ይሆናል።»

«ከገደል አፋፍ? ማን ሊያየው? የእኔ ኮሸሽላ ከዳር የሚጣል ነው? ንቀት ነው ይሄ!»

«ንቀት አይደለም እህቴ፤ ቦታው እዚያ ነው።»

«አንቺ ራስሽ እሾህ ለብሰሽ ስለ እሾህ ታወሪያለሽ?»

የእመት ጃርት እሾህ አንድ በአንድ ቀጥ ቀጥ አለ። «እኔ እሾሄን ተሸክሜው እሄዳለሁ እንጂ ሰው መቀመጫ ላይ አልተክለውም! በይ፣ ሕጉ ነው፤ ተቀመጪበት።»

እመት አህያ በኩራት ተቀመጠች። ከዚያ ጩኸቷ ከመስኩ አልፎ ተራራው ላይ አስተጋባ። እየተራገጠች፣ እየፈረጠጠች መስኩን ዞረች። ስትመለስ ኮሸሽላዋን ነክሳ ገደሉ አፋፍ ላይ ሄዳ ተከለች።

«አንዱ አለፈ» አለች እመት ጃርት፤ ተነፈሰች።

ተንፍሳ ሳትጨርስ አያ ዝንጀሮ መጣ። ተክል አልያዘም። ድንጋይ ያንከባልላል፤ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፤ ሌላ ድንጋይ ያንከባልላል። ከምንጩ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆለለ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ጌጥ ነዋ! ከዚህ ከላይ ሆነሽ ብታዪው እንዴት ያምራል መሰለሽ።»

«ከታች ላለውስ?»

«ከታች ያለውማ ቀና ብሎ ያደንቅ!»

«ቀና ሲል ግንባሩን ቢመታውስ?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ ክፉ ክፉውን አታሟርቺ! የአያቶቼ አያቶች ድንጋይ ሲቆልሉ ኖረዋል።»

«የአያቶችህ አያቶች ከላይ ነበሩ የተቀመጡት። አንተ አሁን ከታች ተቀመጥ።»

አያ ዝንጀሮ እያጉረመረመ ወርዶ ከክምሩ በታች ተቀመጠ። ቁንጫውን መልቀም ጀመረ። አንድ ቁራ መጣና ከላይኛው ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ነቅነቅ አለ። ቁራው ተነሥቶ በረረ። ድንጋዩም ተከተለ። አያ ዝንጀሮ ጅራቱን ጭብጥ አድርጎ ሲዘል፣ ድንጋዩ ቁንጫውን ይለቅም የነበረበትን ቦታ ጨፍልቆት አለፈ።

«ነፋስ ነው» አለ አያ ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ ሆኖ።

«ቁራ ነው! ነገ ደግሞ ጥጃ ይሆናል!» ጮኸች እመት ጃርት። «ውረድና ሜዳው ላይ አምጣቸው። ግማሹን አካላቸውን እንቀብረዋለን። አይንከባለሉም፤ ሽማግሌም ይቀመጥባቸዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኩ ሁሉ እሷን ማማት ጀመረ። «ይህች ጃርት ምንም አይጥማትም» አሉ። «ጌጥ ጠላች፣ እኛን ጠላች» አሉ። እመት ጃርትም ሰማች። ከጧት እስከ ማታ ስትቆፍር ጥፍሯ አልቋል፤ የሚያመሰግናት የለም፤ የሚሳደብ ግን ሞልቷል።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ መጣ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። የክትክታ ችግኝ በጀርባው ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መጣ።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ እመት ጃርት? ደክሞሻል መሰለኝ። አትነሺ፤ እኔው ራሴ እቆፍራለሁ።»

የጅብ ትሕትና እመት ጃርትን ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት። «የት ነው የምትተክለው?» አለች።

«በምንጩ መንገድ፣ እዚያ መታጠፊያው ላይ። በግራም በቀኝም።»

«ለምን እዚያ?»

«ለመንገደኛ ጥላ።»

«ክትክታ ሲያድግ ጥቅጥቅ ይላል። መታጠፊያ ላይ ከቆመ ከወዲያ ያለው ከወዲህ አይታይም።»

«እሾህ አለው ወይ?» አለ አያ ጅቦ።

«የለውም።»

«ተንከባሎ ይወድቃል ወይ?»

«አይወድቅም።»

«እንግዲያው ሕግሽ ተቀመጥበት ይላል፤ ልቀመጥበት!» አለና ከችግኞቹ መሀል ተዘረጋ። እግሩን አነባበረ። ዓይኑን ጨፈነ። «ውይ፣ ሲመች! እዚሁ ብኖር ደስታዬ ነው።»

እንስሳቱ ሳቁ። «አያ ጅቦ እንኳ ከእሷ ተሻለ!» አለች እመት አህያ።

እመት ጃርት ወደ አያ አንበሶ ሮጠች። «ጌታዬ፣ እዚያ ቦታ አይሆንም! ውስጡ ለተቀመጠ ይመቻል፤ የሚያሰጋው በዚያ ለሚያልፈው ነው!»

«ተቀምጦበታል፣ ተመችቶታል» አለ አያ አንበሶ። «ሕጉንም ያወጣሽው አንቺው ነሽ። ይተከል።»

እመት ጃርት ያን ዕለት ከማንም በላይ በራሷ ተናደደች። ሕጉን ስታወጣ የተቀመጠውን አስባ፣ የሚያልፈውን ረስታ ነበር።

ክረምቱ መጣ፤ ዘነበ፣ ዘነበ። ክረምቱ ሲያልፍ ክትክታው ጥቅጥቅ ብሎ፣ መንገዱን ከግራም ከቀኝም ውጦ ቆመ። ሁሉም አደነቀ። ከሁሉ ይበልጥ ያደነቀችው እመት ፍየል ነበረች።

«እንዴት ያምራል!» ትላለች በየጧቱ።

«ያምራል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ይታይሻል?» ትላለች እመት ጃርት።

«ቅጠል ነዋ!»

«ከቅጠሉ ኋላስ?»

«ሌላ ቅጠል!»

«ወይ ጉድ!» ትልና እመት ጃርት ወደ ጉድጓዷ ትገባለች።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእመት ፍየል ግልገል ከምንጩ እየጮኸ ወጣ። ጆሮው ተቀድዷል። ደሙ በአንገቱ ይወርዳል።

«ልጄን! ልጄን! ምን ነካብኝ?»

«አላየሁም! ቅጠሉ ነከሰኝ!» አለ ግልገሉ።

መስኩ ሁሉ ተሰበሰበ። አያ አንበሶም መጣ። አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣና ከንፈሩን መጠጠ።

«ያሳዝናል» አለ። «ግን ቅጠል ጥርስ አለው እንዴ? የእኔ ክትክታ እሾህ እንደሌለው ሁላችሁም አይታችኋል፤ ተኝቼበታለሁ። እስቲ በዚህ መስክ እሾህ ለብሶ የሚዞር ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እመት ጃርት ዞሩ።

«እኔ? እኔ?» አለች። ደንግጣ እሾኋ ሁሉ ቆመ። እሾኋ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጥፋተኛ መሰለች። «ልጆቻችሁ እንዳይጎዱ ብዬ ስጮኽ የከረምኩት እኔ ነኝ! አህያዋን ጠይቁ! ዝንጀሮውን ጠይቁ!»

አህያዋ መሬት መሬት አየች። ዝንጀሮው ቁንጫውን ለቀመ።

«ደም ፈሷል» አለ አያ አንበሶ። «ነገ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጉድጓዱ ይደፈናል።»

ሁሉም ሲበተን እመት ጃርት አያ አንበሶን ብቻውን ተከተለችው።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዴ ከመደፈኑ በፊት አንድ ነገር ልለምን። በዚያ ክትክታ ውስጥ አያ ጅቦ ተቀምጦበታል። እርስዎ ግን አልተቀመጡበትም።»

«ብቀመጥስ?»

«ነገ ረፋዱ ላይ ገብተው ዝም ብለው ይተኙ። ማን እንደሚያይዎት፣ እርስዎም ማንን እንደሚያዩ ከዚያ ይነግሩኛል። ከተሳሳትኩ ድንጋዩን እኔው ራሴ ተሸክሜ ጉድጓዴን እደፍናለሁ።»

አያ አንበሶ ጢሙን አወዛወዘ። «እሺ» አለ።

ከዚያ እመት ጃርት ሄዳ አያ ጅቦ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «ወይኔ! ነገ እናቶች ሁሉ የጉድጓዴን መደፈን ሊያዩ ይሰበሰባሉ! ልጆቹ ብቻቸውን ውሃ ሊወርዱ ነው! ማን ይጠብቃቸው ይሆን?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «አይዞሽ፣ እመት ጃርት። ሰው ባይኖር ቅጠሉ ይጠብቃቸዋል» አለና ሄደ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አያ ጅቦ ወደ ምንጩ መንገድ ወረደ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ልጆቹ ሲመጡ እንዳያመልጡት ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ በኋላው እያፈገፈገ ወደ ክትክታው ገባ።

«ትናንት ጆሮ ብቻ ነበር» አለ ለራሱ። «ዛሬ ግን ከነጆሮው ነው!»

ትንሽ አፈገፈገ። ኋላው ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ ነገር ነካ።

«ይህ ክትክታ እንዴት አምሮበታል፤ ጠጉር አበቀለ እኮ!» አለ።

ትንሽ ደግሞ አፈገፈገና ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ከነጆሮው ማንን?» አለው ከኋላው ወፍራም ድምፅ።

አያ ጅቦ ዞሮ ለማየት ጊዜ አላገኘም። አያ አንበሶ ከኋላው፣ ዳሌው ላይ ያዘው። ጩኸቱ ጉድጓድ ሊደፍኑ የተሰበሰቡትን ሁሉ አስደነገጠ። ድንጋይ የያዘው ድንጋዩን ጣለ። ሮጠው ሲመጡ አያ ጅቦ ዳሌው ተሰብሮ፣ ኋላው ዝቅ ብሎ፣ እየጎተተ ሲሸሽ አዩት። ይኸው እስከ ዛሬ የጅብ ኋላው ዝቅ ያለ ነው። እስከ ዛሬም በቀን ብርሃን አደባባይ መውጣት ያፍራል።

አህያዋ እንደገና መሬት መሬት አየች።

«እመት ጃርት፣ ጉድጓድሽ ያንቺ ነው» አለ አያ አንበሶ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም በዚህ መስክ ሲተክል፣ ቦታውን የምታሳዪው አንቺ ነሽ፤ የሚከራከርሽ ከእኔ ጋር ይከራከራል።»

«ክትክታውስ፣ ጌታዬ?» አለች እመት ፍየል። «ይነቀልልን!»

«አንዴ የተተከለ አይነቀልም ብያለሁ። ግን ከግልገልሽ ዓይን በላይ የሚያድገውን ቅጠል ሁሉ አንቺ ትበዪዋለሽ። በየቀኑ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ክትክታ እኮ መራራ ነው!»

እመት ጃርት ያን ጊዜ ቀና አለች። «ልጅሽ ከሚበላ ቅጠሉ ቢበላ ይሻልሻል» አለቻትና ልጆቿን አስከትላ ወደ ጉድጓዷ ገባች። ያን ቀን ማንም አልጠራትም፤ ማንም ቆፍሪ አላላትም።

ልጆች፣ አበው «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ያሉት እንዲህ ላለው ተንኮለኛ ነው። በአደባባይ ለሚተክል ደግሞ እንዲህ ይሉታል፤ «ስትተክል ዓይንህን ብቻ አትጠይቅ፣ በዚያ የሚያልፈውን ልጅ ጠይቅ።»

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ የሰማ ያውራ፣ የተኛ ይንቃ።