ጦስኝ የቀረበት ቅቤ

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ኧረ ቆዩ! ዛሬ የላም አይደለም። የበግ በረት በሉኝ። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

፦ የበግ በረት!

እንዲያ ነው። በሉ ቀረብ በሉ። እሳቱን ግን አትጋርዱብኝ፣ ጉልበቴን ይበርደኛል። አንተ እዚያ ጥግ የምትንሾካሾከው፣ ወይ ዝም በል ወይ መጥተህ አንተ ተርት።

በድሮ ዘመን፣ ነፋሻ የሚባል ብርዳም አገር ነበረ። ከተራራ ሥር ነው። በዚያ አገር ሰዉ በግ ያልብ ነበር።

ምን ያስቃችኋል? በግ ይታለባል እንዴ አላችሁ? አዎን ይታለባል! ላም ብርዱን አልችልም ብላ በቀረችበት አገር ታዲያ ምን ይታለብ፣ ድመት? የበግ ወተት ደግሞ ወፍራም ነው። ጣታችሁን ብትነክሩበት ጣታችሁን ለብሶት ይወጣል። እነሱም ያንን ይንጡና ቅቤውን ያወጣሉ። ከዚያም አሬራውን እሳት ላይ ጣድ አድርገው አይብ ያደርጉታል። አይ የዚያን ጊዜ አይብ! ዛሬ እናንተ አይብ የምትሉትን እኔ እንደ ኖራ ነው የማየው።

ተራራው ላይ ጦስኝ ይበቅላል። ጦስኝ ታውቃላችሁ አይደል? ያቺ ድንጋይ ሥር የምትለጠፍ፣ ሲረግጧት የምትሸት ትንሽ ቅጠል። በጎቹ በበጋ ወደዚያ ይወጣሉ። ታች ሣሩ ሲደርቅ ላይ ጤዛ አለ፣ ለምለም አለ። ሣሩንም ጦስኙንም ይግጣሉ። ቅቤው ታዲያ ቢጫ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጦስኝ ጦስኝ ይላል።

በነፋሻ አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ደህና ሴት ናት፣ ቤቷ ሙሉ ነው። ኩራቷ ግን ከቤቷም ይበልጣል። አንድ ልጅ አላት፣ ደምሰው ይባላል። የሟች ባሏ አባት፣ አባባ ናደውም፣ እዚያው ቤት ይኖራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ውለው ፀሐይ ስትሄድ ይገባሉ።

ደምሰው ለጥር ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ዘርትሁን ትባላለች፣ ከቆላ ነው የምትመጣው። አስካለ ታዲያ ምን አሰበች?

፦ የሙሽራዋ ዘመዶች ሲመጡ በጎቼን ሰብተው ይዩአቸው፤ ደጋ ደኸየ እንዳይሉኝ! አለች።

በጎቹን ከተራራው አስወረደችና ደጇ ላይ አጠረችባቸው። ገብስ አበላቻቸው። ጭድ አበላቻቸው። የድግሱን አተላም ደፋችላቸው። እነሱም በሉና እንደ ከረጢት ተነፉ። ወተቱማ ምኑ ይነገራል! ሁለት እንስራ ሙሉ ይታለብ ጀመር። አስካለ ደስ አላት። ሠርጉ አልፎም በጎቹን መልሳ ተራራ አላወጣቻቸውም።

፦ ሰው የሚበላውን ገብስ እያበላኋቸው ሣር ይናፍቃሉ? ትላለች።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ወግ ነበር። ሙሽራ ጫጉላዋን ጨርሳ መጀመሪያ የናጠችው ቅቤ በአማቷ አናት ላይ ይደረጋል። ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። ቅቤው ቀልጦ ግንባር ላይ ጠብ ጠብ ካለ «ገደኛ ናት» ይባላል፣ እልል ይባላል። ካልቀለጠ ግን ሙሽራዋ ገደ ቢስ ናት ማለት ነው። ገደ ቢስ ደግሞ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ምን ዓይነት ወግ ነው አትበሉኝ፣ እኔ አላወጣሁትም።

ቀኑ ደረሰ። ዘርትሁን ቅሉን አቀፈችና መናጥ ጀመረች። ናጠች፣ ናጠች። ፀሐይ ጠነከረች፣ ቅቤው አልወጣም። ክንዷ ዛለ። በስንት መከራ ወጣ፣ ሲወጣ ግን ነጭ ነው። ድርቅ ያለ ነው። ምን ታድርግ፣ ወሰደችና የአማቷ አናት ላይ አደረገችው።

ቅቤው እዚያው ቁጭ አለ። ሴቶቹ ጠበቁ። አንገታቸውን አሰገጉ። ቅቤው ወይ ፍንክች! አስካለ ፀሐይ ላይ ወጣች፣ ወደ እሳትም ተጠጋች። በመጨረሻ ግማሹ ፈርፈር ብሎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

፦ ቅቤ ነው ሊጥ ነው ያደረግሽላት? አለች አንዷ ጎረቤት።

ሳቁ! በአስካለ ላይ ተሳቀ! ከዚያን ቀን ወዲያ አስካለ ምራቷን በቀና ዓይን አላየቻትም። ሌላም ቀን ተናጠ፣ ያው ነጭ ነው። አይቡም አሸዋ አሸዋ ይላል።

፦ ወተቱ እንደ ልብ ነው፤ በጎቹ ገብስ ይበላሉ። ታዲያ በዚህ ቤት ያልነበረ፣ አሁን የመጣ ነገር ምንድን ነው? አንቺ ነሽ! አለቻት። ቅበላ ሳይገባ በቅሎሽ ትጫናለች፤ ጾሙን እናትሽ ቤት ያዥው።

ደምሰውስ? ደምሰው መሬት መሬት እያየ ስንጥር ይሰብራል። እናቱን ይፈራል፣ ሚስቱን ይወዳል፣ ከሁለቱ መካከል ሆኖ አፉ ተያዘ። እንዲህ ያለውን ወንድ እኔ አልወድም፣ ግን ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ።

ዘርትሁን አለቀሰች። ቆላ ያለችው እናቷ ድግሱን የደገሰችው የነበራትን ሁሉ አሟጣ ነው። ገደ ቢስ ተብላ ብትመለስ ሌላ ማን ያገባታል? እናቷስ በየት በኩል ቀና ብላ ትሄዳለች? ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ደምሰውን ወዳዋለች።

ዓይኗን ጠረገችና ለአባባ ናደው ምሳ አቀረበች። እሳቸው አይቡን በጣታቸው ነካ አደረጉና ገፋ አደረጉት።

፦ አባባ፣ እርስዎም የኔን እጅ ጠሉት? አለቻቸው።

፦ እጅሽን አይደለም፣ ልጄ። ይህ አይብ የኛ ቤት አይብ አይደለም። ስንት ጊዜ ነው አልበላም ስላቸው፣ «አርጅተው ነው፣ ጣዕም ጠፍቶባቸው ነው» ይሉኛል። ዓይኔ ጠፋ እንጂ ምላሴ አልጠፋም! ጦስኙስ የታለ? የሚስቴ አይብ እኮ ገና ሳልጎርሰው ተራራው ይመጣልኝ ነበር። አሁን ዓይኔ ስለማያየው ተራራውን የማገኘው በአፌ ብቻ ነበር፤ እሱንም ነሱኝ።

 እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያም፦

፦ እስቲ ምሪኝ፣ በጎቹ ጋ ውሰጂኝ፣ አሉ።

እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። አንዷን እናት በግ ያዘችላቸው። አባባ ናደው ጎንበስ አሉና የበጓን አፍ አሸተቱ። ሌላዋንም አሸተቱ።

፦ ኧረ በስማም! ድግስ ድግስ ይሸታሉ እንጂ በግ በግ አይሸቱም! ምንድን ነው የሚበሉት?

፦ ገብስ፣ ጭድ፣ አተላ።

፦ ከመቼ ጀምሮ?

፦ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ነው ብለውኛል።

፦ አስካለ! አስካለ! ነይ ወዲህ!

አስካለ እየሮጠች መጣች፣ የወደቁ መስሏት ነው።

፦ ቅቤውን ያነጣሽው አንቺ ነሽ! አሏት። በግ የበላችውን ነው የምትሰጥሽ። ገብስና ጭድ ወተቱን አበዛው፣ ስቡን ግን አደረቀው። ለምለሙን መልሺላቸው።

፦ አባባ፣ ለሰው የሚቀርበውን ገብስ ነው እኮ ያበላኋቸው! እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቅቤዬ እስከ አማቴ አንገት ድረስ ነው የወረደው!

፦ ያን ጊዜ በጎቹ የት ነበሩ?

አስካለ ወደ ተራራው ቀና አለች።

፦ ተራራ ነበሩ፣ አሉ አባባ ናደው። አንቺ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በእጅሽ መስሎሽ ኖርሽ።

አስካለ ፊቷ ደም መሰለ። ኩሩ ናት አላልኳችሁም?

፦ ቢሆንም ሙሽራ ዓመት ሳይሞላት ተራራ አትወጣም! ሰው ምን ይለኛል!

፦ ሰው የሚልሽን ፈርተሽ አይደል ገብስ ያበላሽው?

ያኔ ዘርትሁን ተናገረች፦

፦ እሜቴ፣ ስሜ የጠፋው በነዚህ በጎች ነው። ራሴ ልውሰዳቸው። ቅበላ ዕለት ቅቤው ካልቀናልኝ በቅሎውን ራሴ እጭናለሁ።

ደምሰውም፣ እግዜር ይስጠው፣ ያን ጊዜ አፉ ተፈታ።

፦ እኔም አብሬያት እወጣለሁ፣ አለ።

ወጡ። ተራራው ላይ የድንጋይ ጎጆ ነበረች፣ እዚያ ከረሙ። እዚያ ሆነው ምን ምን ሲያወሩ እንደነበር አልነግራችሁም፤ አትጠይቁኝ። በጎቹ መጀመሪያ ሣሩን እንቢ አሉ፤ ገብስ የለመደ አፍ ነው። ቆይተው ግን ለመዱት፣ ጦስኙንም መጋጥ ጀመሩ።

ደምሰው በየጠዋቱ ወተቱን ተሸክሞ ይወርዳል፤ እስከ ቅበላ ግን የሚናጥ የለም። አስካለ እንስራውን ታያለች፣ ጎድሏል። በማግስቱም ታያለች፣ ይብስ ጎድሏል።

፦ ይኸውላችሁ! አለች ለጎረቤቶቿ። ቅቤውን አነጣችው፣ አሁን ደግሞ ወተቱን አደረቀችው!

ደምሰው ይህን ሲሰማ ተመልሶ ለሚስቱ ነገራት። ዘርትሁን ፈራች። በእውነት ፈራች። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በጎቹን እያየች «አባባ ተሳስተው ቢሆንስ?» አለች። ደምሰው አጠገቧ ተቀመጠላት።

ቅበላ ደረሰ፣ እነ ዘርትሁንም ወረዱ። ጎረቤት ሁሉ አስካለ ቤት ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ ለማዘን፣ አንዳንዱ ለመሳቅ። ዘርትሁን ቅሉን አቀፈች። ወተቱ ትንሽ ነው። ናጠች። ብዙም ሳትደክም በቅሉ ውስጥ ጓ ጓ የሚለው ድምፅ ተለወጠባት። ከፈተችው። ቅቤው ቢጫ ሆኖ ተሰብስቦ ቁጭ ብሏል! ሽታው ቤቱን ሞላው።

የአማቷ አናት ላይ አደረገችው። ሴቶቹ አንገታቸውን ሳያሰግጉ ቅቤው ቀለጠ። በግንባሯ ወረደ፣ በጆሮዋ ሥር ወረደ፣ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አስካለ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልታወቀም። እልልታው ቀለጠ!

ዘርትሁን ግን እልል አላለችም። ነጠላዋን አጣፋችና አማቷ ፊት ቆመች።

፦ እሜቴ፣ አሁን በቅሎዬ ትጫንልኝ፣ አለች።

 ደምሰው ክው አለ።

፦ ምን ነካሽ? ቅቤው ቀናልሽ እኮ! አለች አስካለ።

፦ ባይቀናስ? ዝናብ ቀድሞ፣ ጤዛው ጠፍቶ፣ በጎቹ ታመው፣ ዛሬም ነጭ ሆኖ ቢወጣስ ኖሮ? እኔ ያው እኔው ነበርኩ እኮ።

አስካለ ቅቤውን ከዓይኗ ጠረገች። ጎረቤቶቿን አየች፣ ምራቷን አየች።  ከዚያም፦

፦ ሰድጄሽ ነበር፣ አለች። ልጄንም አስለቅሼ፣ «ልክ ነኝ» እያልኩ ኖሬ እሞት ነበር። ይቅር በይኝ።

ይህን በጎረቤት ሁሉ ፊት አለች፣ ያቺ ኩሩ ሴት! ዘርትሁን ቆማ ብዙ አሰበች። በኋላ ነጠላዋን አወረደች።

፦ «አልሰድሽም ነበር» ብለው ዋሽተውኝ ቢሆን እሄድ ነበር፣ አለችና ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ከጥግ አባባ ናደው፦

፦ ኧረ አይቡ! አሬራው እዚያ ቆሞ እናንተ ትለቃቀሳላችሁ! አሉ።

ተጣደ፣ አይቡ ተሠራ፣ ትኩሱን አቀረበችላቸው። ጎረሱ። በጠፋው ዓይናቸው እንባ ወረደ፣ የሚስታቸውን ስም ጠሩ። ጾሙ በማግስቱ ገባ። አባባ ናደው ለፋሲካ አልደረሱም። አይ እሳቸው! ሳላውቃቸው እናፍቃቸዋለሁ።

ዘርትሁንም ወለደች፣ ከበደች፣ በጊዜዋ እሷም አማት ሆነች። የልጇ ሚስት የመጀመሪያውን ቅቤ ይዛ ስትመጣ ጎረቤት እንደ ወጉ ተሰበሰበ።  ዘርትሁን ቅቤውን ተቀበለችና አናቷ ላይ አላደረገችውም። ለሁሉም ቂጣ ቆርሳ ቀባችበትና «በሉ ብሉ» አለች። ከዚያ ወዲህ በነፋሻ በቅቤ የተመለሰች ሙሽራ የለችም።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፣ አፌም ደረቀ። በሉ ተረቴን መልሱልኝና ዳቦዬን ወዲህ በሉት። አይብ ካላችሁም ጨምሩበት፤ መጀመሪያ ግን አሸታለሁ!