አቤት ያላለው ቁስለኛ

አንድ ቁስለኛ ነበረ። አሥር አለቃ ደምመላሽ፣ የጠየቅኸኝን ዘንግቼ ወደ ሌላ ወሬ የሄድኩ እንዳይመስልህ። «መምህር፣ የጉዳት አበሉን አሁን ልጠይቅ ወይስ የሐኪሙ ማስረጃና የጓዶቼ ምስክርነት እስኪሟላ ልቆይ?» ነው ያልከኝ። አበሉን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያለችው ጸሐፊ «ለጊዜው ስምህንና ጉዳትህን ብቻ ንገረን፤ ማስረጃውን በኋላ ታመጣለህ፤ አበሉ የሚታሰብልህ ግን ከተናገርክበት ቀን ጀምሮ ነው» ብላሃለች። አንተ ደግሞ «ባዶ እጄንማ ሄጄ አልዋረድም» ብለህ ቤትህ ተመልሰሃል። እንግዲህ ተቀመጥና ስማ። የሚያስደስት ታሪክ ግን አይደለም።

ይህ ቁስለኛ ገበሬ ነበር። የአገሩ ገዢ ዘመቻ ሲያውጅ ከሰው ቀድሞ ዘመተና ቀኝ ክንዱን ጥይት ሰብሮት ተመለሰ። ወጌሻ አሰረለት፤ አጥንቱም ገጠመ። እጁ ግን ከዚያ ወዲያ እርፍ መጨበጥ አልቻለም። በጦርነቱ ጎበዝ እንደ ነበር የማይናገር የለም፤ ጉብዝና ግን ማሳ አያርስም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ከሚመረተው ግማሹ ሰው ቤት ገባ፤ የቀረው ግማሽ ለእሱና ለሚስቱ ክረምቱን የሚያሻግር አልሆነም። ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሚስቱ ከገደል እንጨት እየለቀመች በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ማውጣት ጀመረች።

ገዢው ክፉ ሰው አልነበረም። ከዘመቻው እንደ ገባ አዋጅ አስነገረ፦ «በእኔ ዘመቻ አካሉ የተጎዳ ሁሉ በቤቱ ባለው አፍ ልክ ከጎተራዬ ይሰፈርለት። የሚሰፈርለትም በደጄ ቆሞ አቤት ካለበት ቀን ጀምሮ ነው።» ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ቁስለኛው ወደ ግቢው በር ይመጣና ለአጋፋሪው «አቤት፣ ቆስያለሁ» ይላል። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሮ «እማኝ ሁኑኝ» ይላል። በቃ። ምስክሩን ቆይቶ ያመጣል። ነገሩ እውነት ሆኖ ሲገኝ አቤት ካለበት ቀን ወዲህ ያለው እህል ተደምሮ ይሰፈርለታል።

ቁስለኛው ይህን አዋጅ በጆሮው ሰምቷል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አልሰማም ነበር ቢባል ባዘንኩለትና በተውኩት። ሰምቶ፣ ገብቶት፣ አልሄደም።

ለምን አልሄደም ትለኛለህ። የተሟጋች ልጅ ስለ ነበረ ነዋ። አባቱ በሸንጎ ተፈርተው የኖሩ፣ ምስክራቸውን ሳይቆጥሩ አንዲት ቃል የማትወጣቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸውንም «ጨዋ ሰው ምስክሩን አስከትሎ ይሄዳል እንጂ ተናግሮ ምስክር ፍለጋ አይዞርም» እያሉ ነው ያሳደጉት። ምክሩ ለሙግት ጥሩ ነው። መሬትህን የሚነጥቅህ ባላጋራ ፊት ለፊትህ ሲቆም እንደዚያ ነው የሚደረገው። ይህ ሰው ግን ባላጋራ አልነበረውም። ማንም አልከሰሰውም፤ ማንም አልካደውም። ለሙግት የተሰጠውን ምክር ወስዶ ለቁስሉ አደረገው።

ስለዚህ ምስክር ፍለጋ ገባ። ከጦር ሜዳ በትከሻው ተሸክሞ ያወጣው ጓደኛው ከወንዝ ማዶ፣ ሩቅ ቆላ ነበር የሚኖረው። ወጌሻው ዘመዶቹን ተከትሎ አገር ለውጧል። የዘመቻ አለቃው ደግሞ አንድ ጊዜ ታሟል፣ ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ነው ይባላል። ጓደኛው ሲገኝ ወጌሻው ይጠፋል፤ ወጌሻው እሺ ሲል ጓደኛው አጨዳ ይደርስበታል። ሰውየውም «ሁሉም በአንድ ቀን ከኋላዬ ካልቆሙ አፌን አልከፍትም» አለ። ጎረቤቶቹ ሲጎተጉቱት «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይመልስላቸው ነበር። እውነቱን ነው፣ ዝም አይነቅዝም። የሚነቅዘው ዝም ያለው ሰው ቤት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከሚስቱ ጋር ወደ ገበያ ሲወርድ መንገዱ በገዢው ደጅ አሳለፈው። እሷ እንጨቷን ተሸክማ ጎንበስ ብላ ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ። አጋፋሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡም ጉዳያቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። አጋፋሪው የሰውየው እጅ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አየና ጠራው።

«አንተ ሰው! ክንድህ ምን ሆነ? ለጌታዬ የምትለው ቃል አለህ?»

ሚስቲቱ ቆመች። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ከእሱ የሚፈለገው ሁለት ቃል ነበር። እማኞቹ እንኳ ሳይጠሩ ተቀምጠውለታል!

እሱ ግን የአባቱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸበት። ዞር ብሎ ቢያይ ከኋላው ማንም የለም፤ ጓደኛው የለም፣ ወጌሻው የለም፣ አለቃው የለም። አፈረ። ክንዱን በጋቢው ሸፈነና «ምንም የለኝ ጌታዬ፤ መንገደኛ ነኝ» አለ።

አጋፋሪው እጁን አወናጨፈና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ሚስቲቱ ሸክሟን በድንጋይ ላይ አስደግፋ ቆመች። «ምነው፣ እኔ ባልኩልህ ኖሮ!» አለች። «ቆስያለሁ ማለት ምን ያሳፍራል? ሰርቀህ ነው እንዴ ያጣኸው እጅህን?»

«ተይኝ እስቲ» አላት። «ነገሬን አሟልቼ የገባሁ ዕለት ታያለሽ። ሸንጎው ሁሉ ነው የሚነሣልኝ።»

«ነገርህ እስኪሟላ እኔ ጀርባዬ አለቀ» አለችና ሸክሟን አንሥታ ቀጠለች። ክፉ ተናግራው አታውቅም፤ ያን ቀንም ከዚህ በላይ አልተናገረችውም።

ክረምቱ ከበደ። ዝናብ እየወረደባት እንጨት ስትለቅም ሳል ያዛት። ያለው እህል እንዳያልቅ እሱ ከበላ በኋላ የተረፈውን ትቀምስ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚተርፍ አልነበረም። «በላሁ እኮ» ትለዋለች። እሱም ማመን ስለሚቀለው ያምናታል። ነሐሴ ላይ፣ እሸቱ ገና ሳይደርስ፣ የጎን ውጋት አጣድፎ ገደላት። መቃብሯን የቆፈሩት ጎረቤቶች ናቸው። እሱ በአንድ እጁ አፈር ሊመልስ ሞክሮ አቃተው።

እንግዲህ የሰው ነገር እንዴት ነው? ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሟላ። ጓደኛው የሚስቲቱን ሞት ሰምቶ ለልቅሶ መጣ። ወጌሻውም መጣ። አለቃው ድኖ በበቅሎ ደረሰ። ሰውየው ሦስቱን አስከትሎ ኅዳር ላይ ወደ ገዢው ግቢ ገባ። የተናገረው ንግግር እስካሁን በዚያ አገር ይወራል ይባላል። አንድ ቃል አልጎደለበትም። ምስክሮቹ ተራ በተራ መሰከሩ፤ ወጌሻው የክንዱን አጥንት በጣቱ እየዳሰሰ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ «የአባቱ ልጅ!» ብለው አደነቁ። እንዳለውም ሸንጎው ተነሣለት።

ገዢው «እውነት ነው፤ ይሰፈርለት» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ጌታዬ?» ብሎ ጎተራ ጠባቂው ጠየቀ።

«አቤት ካለበት ቀን። ከዛሬ።»

ቁስለኛው ደነገጠ። «ጌታዬ፣ ክንዴ የተሰበረው ዛሬ አይደለም። ምስክሮቼም የመሰከሩት ስለ ዛሬ አይደለም።»

አጋፋሪው ያን ጊዜ አወቀው። «ይህን ሰው እኔ በደጃችን ሲያልፍ ጠርቼ ጠይቄው ነበር» አለ። «መንገደኛ ነኝ አለኝ።»

ገዢው ወደ ተሰበረው ክንድ ተመለከተ። ማዘኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ወንድሜ፣ መቁሰልህን አልካድኩህም» አለው። «እኔ የምሰፍረው ግን የሰማሁትን ነው። ያልነገርከኝን ቁስል ከየት አውቄ ልስፈርልህ?» ከዚያ ወደ ጎተራ ጠባቂው እየጠቆመ ጠየቀው። «በል አሁን ንገረው፤ በቤትህ ስንት አፍ አለ?»

ቁስለኛው ወደ ኋላ ዞረ። ከኋላው የቆሙትን ምስክሮች አያቸው፤ እነሱም አንገታቸውን ደፉ።

«አንድ» አለ።

የአንድ ሰው ተሰፈረለት። ጓደኛው ተሸክሞለት ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ግን እህሉን የሚቀበል፣ የሚያሰጣ፣ የሚፈጭ ሰው አልነበረም።

እህ፣ አሥር አለቃ። ቁስለኛው አንተ ነህ። አጋፋሪው ያቺ ጸሐፊ ናት፤ ጠርታ ጠይቃሃለች፣ አንተም መንገደኛ ነኝ ብለህ አልፈሃል። ምስክሮቹ የምትጠብቃቸው ወረቀቶች ናቸው። እነሱ መቼም ይመጣሉ። ሐኪሙ ዛሬ ባይጽፍ በሌላ ቀን ይጽፋል፤ ጓዶችህም አድራሻቸው ይገኛል። ማስረጃ ቢዘገይ የምትሰጠው ቃል ይጠብቀዋል፤ ያልተናገርከውን ቀን ግን ማንም አይጠብቅልህም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶቻችን ቀልደው አይደለም።

እስካሁን በዝምታ ያሳለፍከው ሄዷል፤ እሱን ላጽናናህ አልችልም። ከጦር ሜዳ በእግርህ ይዘኸው የመጣኸው የጥይት ብረት ግን ዛሬም አለ። ስለ እሱ ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም። ሚስትህ ውብዓለም የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ ማታ ጎኗን ይዛ እንደምትቀመጥ አይቻለሁ፤ አንተም አይተሃል። ነገ በሩ ሲከፈት ባዶ እጅህን ግባና «ቆስያለሁ» በል። በቤትህ ስንት ናችሁ ብለው ሲጠይቁህ «ሁለት» ማለት የምትችለው አሁን ነው።