ከጎን የበራው ድንጋይ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ።

ነገራቸውን በዚህ የጀመሩት ጋሽ ይገዙ ናቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በዳኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው። የሚያዳምጣቸው በዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት በቅርቡ የተሾመ ወጣት ዳኛ ነው። ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው።

«ጋሼ፣ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ተካሰው እኔ ዘንድ ቀርበዋል። ግራ ቀኙን አራት ጊዜ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ሁለቱም እውነተኛ ይመስሉኛል፤ እንደገና ስጠይቃቸው ሁለቱም ውሸታም ይሆኑብኛል። አልሰነፍኩም፤ ለማንም አላደላሁም። ታዲያ እውነቱ የማይታየኝ ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና ይህን ነገሩት።

ፎቶ አንሺው የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር። ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ በትንሿ ሱቁ ውስጥ ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሳል። ስሙ ከከተማው አልፎ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ሥራውን ግን ይወደው ነበር፤ ያላማረ ፎቶ ለባለቤቱ ከሚሰጥ ይልቅ እንደገና ቢያነሳ ይመርጣል።

ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ዝግባና ሸንበቆ የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉ። በመካከላቸው ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር ዋሻ፣ ከዋሻው ውስጥ ምንጭ። ውሃው እዚያው ዋሻው ውስጥ ኩሬ ይሠራና በሁለት ቦይ ወደ ሁለቱ መንደሮች እርሻ ይወርዳል። ሰኞና ማክሰኞ ቦዩ ለዝግባ ይከፈታል። ሐሙስና ዓርብ ለሸንበቆ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ስለሆነ ማንም አይነካውም። በዚህ ሁሉም ይስማማሉ። የማይስማሙት በረቡዕ ነው። ዝግባዎች ረቡዕ የእኛ ነው ይላሉ፤ ሸንበቆዎችም የእኛ ነው ይላሉ። ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት ጭቅጭቁ በቃል ያልቃል። አንድ ዓመት ግን ዝናቡ ቀረና ነገሩ ወደ ዶማ ተሸጋገረ። አንድ የሸንበቆ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቦዩ አጠገብ ክንዱን ተሰበረ። ወንድሞቹ ጠመንጃ መወልወል ጀመሩ።

የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ፈርተው ተሰበሰቡ። በዋሻው ውስጥ፣ ከኩሬው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቦዩን የቆፈሩት አባቶች ስምምነታቸውን ቀርጸውበታል የሚባል ድንጋይ አለ። ጽሑፍ እንዳለበት በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ነገር ግን የዘመን ጠብታ ስለበላው ማንም አንብቦት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ «ድንጋዩ ይዳኘን» አሉ።

አንድ መሪጌታ አስመጡ። መሪጌታው ውሃውን ተሻግረው ድንጋዩን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና «አንዳንድ ፊደል ይሰማኛል፤ ቃል ግን አልሆነልኝም» ብለው ወጡ። ከዝግባ አንዱ ተነሥቶ ፊደሎቹን በመሮ እናጥልቃቸው አለ። የሸንበቆ ሰዎች ጮኹ። «የእናንተ መሮ የእናንተን ቀን ይጽፋል!» አሏቸው። እውነት አላቸው። በመጨረሻ፣ ሌላ ሐሳብ ሲጠፋ፣ ፎቶ አንሺው ተጠራ።

እሱም ካሜራውን ይዞ መጣ። ፀሐይ ወደዚያ ዋሻ ገብታ አታውቅም። ካሜራውን ከኩሬው ወዲህ በባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመ፤ ፍላሹን እንደ ልማዱ ካሜራው አናት ላይ ሰካና አነሳ። ፎቶውን አየው። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፤ ፊደል የሚባል ነገር የለበትም። የብርሃኑን ኃይል ቀንሶ አነሳ። ጨምሮ አነሳ። ሃያ ያህል ፎቶ አነሳ፤ ሁሉም እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ነበር። ደጅ የቆሙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ከሸንበቆ አንዱ «ለሙሽራ እንጂ ለዚህ የሚሆን ሰው አይደለም» አለ፤ ሰዎች ሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። እሱ ግን አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ከዋሻው አፍ ዳር ገንቦዋን ይዛ የቆመች አንዲት ሴት ነበረች። ትርንጎ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከዝግባም ከሸንበቆም ሳትቆጠር በሁለቱ መካከል ባለች ጎጆ ትኖራለች። እርሻ የላትም። ቦዩ በተከፈተ ቀን ኩሬው እየጎደለ ጭቃ ብቻ ስለሚቀር፣ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጠብቃ የተረፈውን ትቀዳለች። ያን ቀን ለፍርዱ ሲባል ቦዩ ተዘግቶ ኩሬው ውሃ ቢይዝም፣ እንደ ልማዷ ሰዎቹ እስኪጨርሱ ቆማ ነበር። ፎቶ አንሺው ብቻውን መቀመጡን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ከፊት ሲያበሩበት ድንጋይ ብቻ ነው።»

ቀና አለ። «ከፊት ካልሆነ ከየት ይበራል፣ እትዬ?»

«እኔ እውስጥ ድረስ ለሸክላ አፈር እገባለሁ። ኩራዜን ከድንጋዩ ጎን፣ እዚያች ጠርዝ ላይ ሳስቀምጣት ጽሑፉ ይነሣል። ማንበብ አልችልም እንጂ መነሣቱን አያለሁ።»

«ይህን ለሽማግሌዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠይቆኝ?» አለች።

ፎቶ አንሺው ብድግ አለ። ትርንጎን ኩራዟን አስለኮሳትና መሪጌታው መብራቱን ይዘው ተሻገሩ። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር፤ ፊደሎቹ ተነሡ። ግን የዋሻው ነፋስ ነበልባሉን ያወዛውዘዋል። መሪጌታው ሁለት ፊደል ይዘው ሦስተኛውን ሲፈልጉ ፊተኞቹ ይጠፉባቸዋል። ለኩራዟ የቀረበው ይታያል፣ የራቀው ጨለማ ነው። ለፎቶ አንሺው ግን ያየው በቃው። የቱ ጋ እንደተሳሳተ ገባው። ፍላሹ ካሜራው አናት ላይ ሆኖ ሲበራ ብርሃኑ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ወደ ካሜራው ይመጣል፤ የፊደሉን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላዋል፤ ጥላ አይተውለትም። የተቀረጸ ፊደል ደግሞ የሚታየው በጥላው ነው።

አሁን ምን እንዳደረገ ስማኝ፤ እኔ ይህን ሰው የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹን ከካሜራው አናት ነቀለው። ዕድሜውን ሁሉ እዚያ ሲሰካው የኖረ ሰው ነው። የሚያገናኛቸው ገመድ ነበረው፤ ርዝመቱ ግን ሁለት ክንድ ብቻ ነው፤ ኩሬው ደግሞ ሰባት እርምጃ ይሆናል። ከቦርሳው ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች አወጣ፤ እያንዳንዳቸው የክብሪት ሳጥን ያህላሉ። ባለሙያዎቹ ትሪገር ይሏቸዋል። አንዱን ካሜራው ላይ፣ ፍላሹ ይሰካበት በነበረው ቦታ ሰካ። ሁለተኛውን ከፍላሹ ሥር አገናኘው። የካሜራው ቁልፍ ሲጫን የመጀመሪያው በሬዲዮ ይጣራል፤ ሁለተኛው ማዶ ሆኖ ይሰማና በዚያችው ቅጽበት ፍላሹን ያበራል። በመካከላቸው ክር እንኳ የለም።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጠርዟን የምታውቂያት አንቺ ነሽ። ይህን ያዥልኝ» አላት።

ከዝግባ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ስለ ረቡዕ ከሁሉም አብዝቶ የሚከራከረው፣ ተቆጣ። «ስንት የተከበረ ሰው ቆሞ ለሸክላ ሠሪ ታስይዛለህ? ድንጋዩ የአባቶቻችን ነው!»

ፎቶ አንሺው አልተቆጣም። ባርኔጣውን አውልቆ «አባቴ፣ ብርሃኑ የት መቀመጥ እንዳለበት እርስዎ ያውቃሉ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀው። ሽማግሌው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ ደረሰ።

በመጀመሪያው ቁልፉን ሲጫን ፍላሹ አልበራም። ሰዎች እንደገና ሳቁ። እሱ አልተናደደም፤ ውሃውን ተሻግሮ ዕቃውን አየው። ሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ቁጥር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቁጥራቸው አንድ ካልሆነ አይደማመጡም። አስተካክሎ ተመለሰ። በሁለተኛው በራ፤ ሴትዮዋ ግን ፍላሹን ወደ ድንጋዩ ፊት አዙራው ስለነበር ድንጋዩ እንደገና ነጣ። «ኩራዝሽን እንደምታስቀምጫት» አላት። ፍላሹን ዝቅ አድርጋ ከግድግዳው ጋር አስተኛችው፤ ብርሃኑ ድንጋዩን ከጎን ዳብሶት ብቻ እንዲያልፍ። እሱ ካሜራውን ከቆመበት ንቅንቅ አላደረገውም። ጫነ።

በካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ ሦስት መስመር ጽሑፍ ቆሞ ታየ።

ያን ጊዜ «አገኘሁ» ብሎ አልጮኸም። መጀመሪያ መሪጌታውን ብቻ ጠርቶ አሳያቸው፤ ያነበቡትን ጽፈው ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። ቀጥሎ ከሸንበቆ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ጠራ፤ እሱም ለብቻው ጻፈ። ከዝግባም አንድ ሰው እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱ ወረቀቶች በሁሉም ፊት ተከፈቱ። አንድ ዓይነት ነበሩ።

ሰኞ ማክሰኞ ለዝግባ።
ሐሙስ ዓርብ ለሸንበቆ።
ረቡዕ መሬት ለሌለው።

  ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ኩሬው ዞሩ። ትርንጎ እስካሁን ፍላሹን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ቆማለች፤ ምን እንደተነበበ እንኳ አልሰማችም።

ያ ሲቆጣ የነበረው የዝግባ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ወደ ውሃው ዳር ወረደ። እጁን ዘረጋላት። «ውጪ፣ እህቴ» አላት፤ ደግፎ አወጣት። «አርባ ዓመት በረቡዕ የተጣላነው ባንቺ ውሃ ነው። በጭቃው ዳር አስቁመንሽ።»

 የጠመንጃው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሁለቱም መንደሮች የእነሱ ላልሆነ ነገር ሲደማሙ መኖራቸውን እያወቁ ማን በማን ላይ ይተኩሳል? ክንድ የሰበረው ሰው የተሰበረውን ሰው እርሻ በዚያ ክረምት አርሶለታል። ረቡዕ ቦዩ ተዘግቶ ይውላል፤ ኩሬው ይሞላል፤ እርሻ የሌለው ሁሉ፣ መንገደኛውም ጭምር፣ ከጠራው ውሃ ይቀዳል።

ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሲሰበስብ ትርንጎ ቀረብ ብላ ፎቶውን አሳየኝ አለችው። ማንበብ ስለማትችል የቷ መስመር የእሷ እንደሆነች ጠየቀችው። በጣቱ አሳያት።

«ይቺ ዝቅ ያለችው ናት?»

«እሷው ናት።»

ብዙ ቆይታ አየቻት። «ደህና አድርገው ነው የቀረጿት» አለች፤ ገንቦዋንም አንሥታ ሄደች።

ጋሽ ይገዙ እዚህ ሲደርሱ ወደ ወጣቱ ዳኛ ዞሩ።

«ልጄ፣ አልሰነፍኩም አላደላሁም ብለኸኛል፤ አምንሃለሁ። ፎቶ አንሺውም ሰነፍ አልነበረም፤ ሃያ ጊዜ አንሥቷል። አንተም አራት ጊዜ ጠይቀሃል፤ ግን አራቱንም ጊዜ ብርሃኑ የተነሣው ካንተ ግንባር ነው። ፊት ለፊትህ ያሉትን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት አበራህባቸው። እነሱም ያበራኸውን መልሰው አበሩልህ። ሁሉም ነጭ ሆኖ ቢታይህ ምን ይገርማል? የሰው ነገር ደግሞ እንደዚያ ድንጋይ ነው፤ ጥላው ካልታየ አይነበብም።

«ተጠንቀቅ፤ ወንበርህን ልቀቅ አላልኩህም። ያ ሰው ካሜራውን አላነቃነቀም፤ ዳኛም ከቦታው አይነቃነቅም። የላከው ብርሃኑን ነው። የላከውንም አልለቀቀውም፤ ማዶ ሆኖ የእሱን ጥሪ ይሰማ ነበር፤ እሱ ሲያዝ ይበራ ነበር። አንተም ጥያቄህን ላከው። ከጎን ወደቆመው ሰው ላከው፤ ከሳሽም ተከሳሽም ወዳልሆነው፣ ማንም ወዳልጠየቀው። ያ ሰው ምናልባት ያየውን ማንበብ አይችል ይሆናል። ንባቡ ያንተ ሥራ ነው። እሱ ብርሃኑ ከየት እንደሚበራ ያሳይህ።»

  ከዚያ ጋሽ ይገዙ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«በዚያ ክስ፣ ከጎን የቆመ ሰው አለ?»

«አንዲት ሴት አለች» አለ ዳኛው። «ሟቹን እስከ መጨረሻው ያስታመመች ናት መሰለኝ። በየቀጠሮው ትመጣለች። ኋላ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ችሎቱ ሲያበቃ ትሄዳለች።»

«ማን ትባላለች?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ቀጠሮ» አሉት ጋሽ ይገዙ፣ «ወንድማማቾቹን ከመጥራትህ በፊት ስሟን ጠይቃት።»